ከፊል የጡት ጨረር ለማን ይሆናል?

በአንበሳሜ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ስለ ጡት ካንሰር በተነገረ ቁጥር የምትሰሙት «ጡታችሁን ዳስሱ፤ እብጠት ካገኛችሁ ቶሎ ታዩ» የሚለውን ነው። ልክ ነው፤ እኔም ሳልለው አልወርድም። የዛሬው ርእሴ ግን ከዚያ አለፍ ይላል። ዕጢው ተገኝቶ፣ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ስለሚነሣ ጥያቄ ነው፦ ጨረሩ ጡቱን በሙሉ ያዳርስ ወይስ ዕጢው የነበረበትን ቦታ ብቻ? ይህ ሁለተኛው ከፊል የጡት ጨረር ይባላል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው በስልክ ይሰማና «እዚያ እህቴን በአምስት ቀን ጨርሰው ሸኟት፤ ለእናቴስ ለምን አይደረግላትም?» ብሎ ይጠይቀናል።

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ጨረር ክፍል ውስጥ አይጀመርም። ታካሚዋ እዚያ ስትደርስ መልሱ አብዛኛው ተጽፎ አልቋል። የጻፉትም ዕጢው የተገኘበት ጊዜ፣ የቀዶ ሐኪሙ እጅ እና ከላቦራቶሪ የመጣችው አንዲት ወረቀት ናቸው።

ጨረር ራሱ ለምን አስፈለገ? ከሃምሳ ዓመት በፊት የጡት ካንሰር የያዛት ሴት፣ አሜሪካም ትኑር ጣሊያን፣ ጡቷ በሙሉ ይወጣ ነበር። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸርና የሚላኑ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በየፊናቸው ሴቶችን በዕጣ መድበው አነጻጸሩ። ዕጢው ብቻ ወጥቶ የቀረው ጡት ጨረር ቢያገኝ፣ በሕይወት የመቆየት ዕድል ጡታቸው በሙሉ ከወጣላቸው እንደማያንስ አሳዩ። ሁለቱም የ20 ዓመት ክትትላቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ፤ ውጤቱ ያው ነበር። ልብ በሉ፤ ጡት ማትረፍና ጨረር አብረው ነው የሚሄዱት። ከ10 ሺሕ በላይ ሴቶችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ ጡታቸው ተርፎ ጨረር ካላገኙት ሴቶች በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ 35ቱ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል። ጨረር ካገኙት ግን 19 ያህሉ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አገራችን ውስጥ ሐኪም «ጡቱ በሙሉ ይውጣ» ሲል ጨክኖ ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ጨረሩ ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በኮባልት መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ መላው አገሪቱ የተሰለፈው እዚያው በር ላይ ነበር። መሣሪያው ሲበላሽ ወረፋው ይቆማል፤ ሲጠገን በወር የሚቆጠር ቀጠሮ ይጠብቃል። ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ታካሚዋን ለጨረር መላክ፣ ጨረሩ በጊዜው ካልደረሰ፣ ከመቶ 35ቱ ጋር እንደ መመደብ ነው። ሐኪሙ ይህን ስለሚያውቅ ጡቱን ያወጣል። አዲስ ማዕከላት በጅማ፣ በሐረር፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌና በጎንደር እንዲከፈቱ ታቅዶ፣ ጅማ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለውን ዘመናዊ የጨረር መሣሪያ ተክሎ ሥራ ጀምሯል፤ ጥቁር አንበሳም ከኮባልት ወደዚሁ ተሸጋግሯል። መንገዱ እየተከፈተ በሄደ ቁጥር ጡት ማትረፍ ይበዛል፤ ያኔ የዛሬው ርእሳችን የአንበሳሜም ጥያቄ ይሆናል። ጡታቸው በሙሉ የወጣላቸውን ሴቶች ከፊል ጨረር የሚባለው ነገር አይመለከታቸውም። ለእነሱ ጨረር ካስፈለገ የሚሰጠው ለደረታቸውና ለንፍፊቶቻቸው ነው።

ከፊል ጨረር የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአንድ ምልከታ ነው። ዕጢው ወጥቶ ጡቱ በተረፈላት ሴት ላይ ካንሰሩ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ቀድሞ በነበረበት ቦታ ዙሪያ ነው። ዳጉሳ ያረመ ገበሬ ያውቀዋል፤ አረሙ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው ብዙውን ጊዜ ከተነቀለበት ጉድጓድ ጥግ እንጂ ከማሳው ማዶ አይደለም። እንግዲያው ሙሉውን ጡት፣ ከሥሩ ያለውን ሳንባና ግራ ከሆነም የልብን ጫፍ በጨረር ከማስነካት፣ የተነቀለበትን ጥግ ብቻ ብናክምስ?

ይህን በትልቅ ጥናት ከፈተኑት አንዷ የካምብሪጅ ሐኪም ሻርሎት ኮልስ ናት። በብሪታንያ 30 የሕክምና ማዕከላት ከ2 ሺሕ በላይ ሴቶች ገቡ። ሁሉም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ዕጢያቸውም ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው ጡት የተመለሰባቸው ሙሉ ጨረር ካገኙት ከመቶ 1.1፣ ከፊል ካገኙት ደግሞ 0.5 ነበሩ። ከፊል ያገኙት ጡታቸው ያን ያህል አልጠነከረም፤ ቅርጹም ብዙ አልተለወጠም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ የተጠቀሙበት በየትኛውም ተራ የጨረር ክፍል የሚገኝ መሣሪያና ቀላል ስልት ነበር። የጣሊያኗ ፍሎሬንስ ሐኪሞችም 520 ሴቶችን ይዘው፣ ከፊሉን ጨረር በሁለት ሳምንት ውስጥ በአምስት ጊዜ ብቻ ሰጡ። በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 3.7 ሲሆኑ፣ ሙሉ ጨረር ካገኙት ደግሞ 2.5 ነበሩ፤ ልዩነቱ አሳሳቢ አልተባለም።

ሁሉም ጥናት ግን እንዲህ አላማረም፤ ያላማሩትን ሳልነግራችሁ ባልፍ አታለልኳችሁ ማለት ነው። በዚያው በቬሮኔዚ ከተማ፣ በሚላን፣ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ሳይዘጋ በአንድ ጊዜ ጨረር ሰጥቶ የመጨረስ ስልት ተሞከረ። ከ1,300 በላይ ሴቶች ገቡ፤ ምርጫው ግን ሰፊ ነበር። በአምስት ዓመት ከመቶ 4.4ቱ ተመለሰባቸው፤ ሙሉ ጨረር ካገኙት የተመለሰባቸው 0.4 ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ከ4 ሺሕ በላይ ሴቶች የገቡበት ጥናትም ነበር፤ ከፊሉ ጨረር በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በ10 ዓመት 4.6 ለ3.9 ወጣ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ አጥኚዎቹ አስቀድመው ያስቀመጡትን መስፈርት አላለፈምና «እኩል ናቸው» ማለት አልቻሉም። የካናዳው ጥናት ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የተሰጠው ጨረር ጡቱን እንዳጠነከረ አሳየ። እኔ ከዚህ ሁሉ የማነበው ይህን ነው፤ ከፊል ጨረር በተመረጠች ሴት ላይ ሙሉውን ያህል ይሠራል፣ ባልተመረጠች ላይ ግን ይቀጣል።

ታዲያ እንዴት ነው የምንመርጠው? ታካሚዋ ፊቴ ስትቀመጥ መጀመሪያ የማየው ፊቷን ሳይሆን በእጇ የያዘችውን ወረቀት ነው ብል አትቀየሙኝ። ከወረቀቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም።

«እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«እንጃ ልጄ፤ አርባ አምስት ብለው ጽፈውታል መሰለኝ።»

«የመጀመሪያ ልጅዎን የወለዱት መቼ ነው?»

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ ታቅፌው ነበር።»

እንግዲህ አስሉት። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ያቀፈች ሴት፣ በ15 ዓመቷ ወልዳ ቢሆን እንኳ፣ በ2018 ዓ.ም. 56 ሞልቷታል። ካርዱ ላይ የተጻፈው 45 የጸሐፊው ግምት ነው። በገጠራችን ዕድሜ በአምስትና በአሥር እየተጠጋጋ ነው የሚጻፈው። ለትኩሳትና ለሳል ምንም አይደለም፤ ለእኛ ምርጫ ግን ብዙ ነው። የብሪታንያው ጥናት የተቀበለው ከ50 ጀምሮ ነው። የአሜሪካ የጨረር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ከ60 በላይ ይሁኑ ብሎ ነበር፤ በኋላ ወደ 50 ዝቅ አደረገ፤ በ2023 መመሪያው ደግሞ ሌላው ሁሉ ከተሟላ ከ40 ጀምሮ ይቻላል አለ። ከ40 በታች ግን አይመክርም፤ በወጣት ሴት ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላልና። ስለዚህ በአብዮቱ ዓመት በ1966 የተወለደች ሴትና በሰባ ሰባት ድርቅ የተወለደች ሴት፣ አንዷ 52 ሌላዋ 41 ናቸው፤ ሁለቱም ካርድ ላይ «45» ተብለው ሊመጡ ይችላሉ። እባካችሁ የክርስትናም ሆነ የቀበሌ ማስረጃ ካለ ይዛችሁ ኑ። ከሌለ ደግሞ አብራችሁ የመጣችሁት ዘመዶች የትኛው ዓመት ላይ ምን እንደነበረ አስታውሱን። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነም እንጠይቃለን፤ እዚህ ላይ ባሏ ወይም ልጇ ውጭ ቢቆይልን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የፓቶሎጂ ውጤት ይባላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ ገጽ ነው።

ከላይ የዕጢው ስፋት በሴንቲ ሜትር ይገኛል። ለከፊል ጨረር የተመቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠው ነው፤ እስከ 3 ድረስ በጥንቃቄ ይታያል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ነው? የአንድ ብር ሳንቲም ወርድ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ቀጥሎ የካንሰሩ ዓይነትና ጠባይ አለ። በብዛት የሚታየው ዳክታል የሚባለው ዓይነት ለዚህ ሕክምና ይመቻል። ሎቡላር የሚባለው ግን ጡት ውስጥ ሥር እንደሚሰድ ነገር ሳይታይ የመሰራጨት ልማድ ስላለው ከፊል ጨረር አይመከርለትም። ሕዋሱ ዝግተኛ ወይም ተቻኳይ መሆኑም ከአንድ እስከ ሦስት በቁጥር ይጻፋል፤ አንድና ሁለት ይሻላሉ።

ከዚያ እኔ ጣቴን አስቀምጬ ደጋግሜ የማነባት መስመር ትመጣለች፤ የተቆረጠበት ዳር። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ሲያወጣ ዙሪያውን ጤነኛ ሥጋ አልብሶ ነው። የፓቶሎጂው ባለሙያ የወጣውን ሥጋ ዳር በቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ ጡት ውስጥ የቀረ አለ ማለት ነው። ያኔ ከፊል ጨረር ቀርቶ ሙሉውም ከመሰጠቱ በፊት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መመለስ ይመጣል። ወረቀቱ ስለ ዳሩ ምንም ካላለስ? ያልተጻፈ ዳር ለእኔ ንጹሕ ዳር አይደለም።

ቀጥሎ ካንሰሩ በደምና በሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ታይቷል ወይስ አልታየም፤ ከብብት ከወጡት ንፍፊቶች ስንቱ ተመርምሮ ስንቱ ካንሰር ተገኘበት። ከንፍፊቶቹ በአንዱ ላይ እንኳ ከተገኘ ከፊል ጨረር አይሆንም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ አለ። ካንሰሩ የኤስትሮጅን ተቀባይ ካለው፣ ለከፊል ጨረር ጥሩ ምልክት ነው፤ ለአምስት ዓመትም ታሞክሲፈን የምትባለዋን እንክብል ትወስዳለች። በአዲስ አበባ ከተመረመሩ 352 ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህ ተቀባይ እንዳላቸው ታይቷል። ታሞክሲፈን በቤት የሚዋጥ መድኃኒት መሆኑን ስታስቡ፣ የዚህን ምርመራ ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ወረቀቱ እንዲህ ሙሉ ሆኖ እንዲመጣ ከሥጋው ጋር የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነርሷ ወጥታ ክዳን ያለው ዕቃ ለአስታማሚው ትሰጣለች፤ ወደ ፓቶሎጂ አድርሱ ትላለች። አንዳንዱ ደንግጦ ወንበር ሥር ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ቅዳሜ ነው ብሎ ሰኞ ያደርሰዋል። ዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን መሆን አለበት፤ አልኮል ወይም በተለምዶ ግሉኮስ የምንለው የደም ሥር ፈሳሽ አያገለግልም። ፈሳሹ የሥጋውን አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። የሆርሞን ተቀባዩን ምርመራ በደንብ ለመሥራት ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው መቆየት ያለበት። ያለ ፎርማሊን የዘገየ ሥጋ ይበላሻል፤ «ተቀባይ የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። በዚህች ስሕተት አንዲት ሴት የታሞክሲፈንን ጥቅም ታጣለች። ስለዚህ ዕቃውን ስትቀበሉ ነርሷን «ፎርማሊን ነው ወይ? ስሟ በትክክል ተጽፏል? ንፍፊቱ ለብቻው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አትፍሩ፤ ጥሩ ነርስ በዚህ አትቆጣም። የተላከውም ቁራጭ ሳይሆን የወጣው ሥጋ በሙሉ መሆን አለበት። ግማሹ ተልኮ ግማሹ ከተጣለ፣ የቱ ዳር የቱ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

እስካሁን ያልኩትን በልባችሁ ይዛችሁ ወደ አገራችን ቁጥር እንሂድ። ጥቁር አንበሳ ከጀርመኑ የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከኤቫ ካንተልሃርትና ከባልደረቦቿ ጋር ሆኖ 1,070 ሴቶችን የተከታተለበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የሴቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ነበር፤ የዕጢያቸው መካከለኛ ስፋት ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. ከ2023 በፊት የነበረው የአሜሪካ መስፈርት 50 ዓመትና 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእኛዋ ታካሚ 43 ዓመትና 5 ሴንቲ ሜትር ይዛ መጣች። በአንዱም አላለፈችም፤ በአዲሱ መመሪያ በዕድሜዋ ብታልፍ እንኳ በስፋቱ አታልፍም።

ዕድሜውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው «የኢትዮጵያ ካንሰር ወጣት ይወዳል» ሲል እሰማለሁ። ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የሕዝባችን አብዛኛው ወጣት ነው፤ ስለዚህ ታካሚውም ወጣት ይበዛበታል። ስልሳና ሰባ የሞላቸው እናቶች ደግሞ እብጠቱን «ዕድሜ ነው» እያሉ ቤት ይቀራሉ፤ ሆስፒታል ካልመጡ ጥናት ውስጥም አይቆጠሩም። ለከፊል ጨረር ከሁሉ የሚመቹት እነሱ ነበሩ እኮ! የስልሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ትንሽ ዕጢ፣ ሆርሞን ተቀባይ ያለው። እንዲያውም እንደ እነሱ ያሉት አንዳንዶቹ ጨረሩን ጨርሶ ትተው በእንክብል ብቻ መቆየት ይችሉ እንደሆነ በብሪታንያ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የ10 ዓመት ውጤት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ያለ ጨረር ከመቶ 9.5ቱ በዚያው ጡት ሲመለስባቸው፣ ከጨረር ጋር 0.9 ነበሩ፤ በሞት ግን ልዩነት አልታየም። ለአንዳንዷ ሴት ይህ ይበቃታል። ለእኛ ግን፣ እንክብሉ በየወሩ ሳይቆራረጥ መገኘቱ በማይረጋገጥበት ቦታ፣ ጨረሩን መተው አልደፍርም።

ስፋቱ ግን የዕድሜን ያህል ሰበብ የለውም። አምስት ሴንቲ ሜትር በአንድ ሌሊት አይመጣም። እብጠቱ ሲጀምር አያምም፤ ስለማያም ይረሳል። ጠበል ይኬዳል፤ ባህላዊ መድኃኒት ይለጠፋል፤ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ይባላል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ካህናቱም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ያውቁኛል። ጠበሉንም እየተጠመቁ ናሙናውን መውሰድ ይቻላል። ብረት ያሰራጨዋል የሚለው ግን ከምን እንደመጣ ልንገራችሁ። ዘግይታ የመጣች ሴት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ካንሰሩ ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር፤ በዓመቱ ስትሞት ጎረቤት ቢላውን ከሰሰ።

አሁን የስልኩን ጥያቄ ልመልስ፤ «በአምስት ቀን ጨረሱላት» የሚለውን። ብዙ ሰው አጭርንና ከፊልን አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድሮ ሙሉ የጡት ጨረር አምስት ሳምንት ይወስድ ነበር፤ በኋላ ወደ ሦስት ሳምንት አጠረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከ4 ሺሕ በላይ ሰዎች የገቡበት የብሪታንያ ጥናት ሙሉውን በአንድ ሳምንት፣ በአምስት ጊዜ መጨረስ እንደሚቻል አሳየ። ስለዚህ ለከፊል ያልተመረጠች ሴትም ለአጭሩ ልትመረጥ ትችላለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሦስት ሳምንት ዘመድ ቤት ማስቸገር ወይም አልጋ መከራየት፣ አስታማሚውም እርሻውን ጥሎ መክረሙ፣ ስንቱን ቤተሰብ በሬ አሽጦታል። ሐኪሙን «ከፊሉን ስጡን» ከማለት ይልቅ «አጭሩ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእኛን ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ከፊል ጨረር የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ ጡቱ እንዳይጠነክር፣ ልብና ሳንባ እንዳይነኩ።

የተመረጠችው ሴትስ ምን ይጠብቃታል? ሲቲ ስካን ላይ ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ትተኛለች። ቆዳዋ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይደረግባታል፤ በየቀኑ በዚያው ልክ እንድትተኛ ነው። እኔ ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ዕጢው የነበረበትን ጉድጓድ ፈልጌ አሰምራለሁ፤ ከዚያ ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እጨምራለሁ። ችግሩ፣ ጉድጓዱ በጊዜ ብዛት ይደፈናል። ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር ከቆየች፣ በተለይ በመካከል ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከወሰደች፣ ምስሉ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ሲያወጣ የጉድጓዱን ግድግዳ በአራት አምስት የታይታኒየም ክሊፕ ምልክት ካደረገበት ግን እንደ ነጭ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እንደኛ ወረፋ በሚረዝምበት አገር እነዚህ ክሊፖች ከፈረንጅ አገር ይልቅ ያስፈልጋሉ። ክሊፕ የሌላት፣ ጉድጓዷም የማይታየኝ ሴት ሌላው ሁሉ ቢሟላላት እንኳ ሙሉ ጨረር ነው የምሰጣት። ያላየሁትን ቦታ ለይቼ መምታት አልችልም።

ጨረሩ ራሱ አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴትየዋ ጨረር ይዛ ወደ ቤት አትመለስም፤ ልጅ ማቀፍ፣ እንጀራ መጋገር፣ ከባሏ ጋር መተኛት አይከለከልም። ቆዳው ሊቀላ፣ ድካምም ሊሰማት ይችላል። እርጉዝ ከሆነች ግን ጨረር አይሰጣትም፤ ለዚህ ነው ዕድሜዋ 43 የሆነችን ሴት «ወርሽ መቼ ታየሽ?» ብለን ደጋግመን የምንጠይቃት። ቀደም ሲል በዚያው ደረት ላይ ጨረር የወሰደችም እንድትነግረን ያስፈልጋል። እናት፣ እህት ወይም አክስት በጡት ወይም በእንቁልጢ ካንሰር የሞተባትም እንዲሁ፤ በዘር የሚወረስ የጂን ለውጥ ያላት ሴት ለከፊል ጨረር አትመረጥምና። የጂን ምርመራው በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ የቤተሰቡን ታሪክ ግን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ መስፈርት ቀረ፤ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ተጽፎ አላገኘሁትም፣ እኔ ግን እጠይቃለሁ። ከፊል ጨረር የወሰደች ሴት የቀረው ጡቷ በጨረር አልታከመም። ስለዚህ በየስድስት ወሩ በሐኪም እጅ፣ በየዓመቱ ደግሞ ማሞግራፊ በሚባለው የጡት ራጅ መታየት አለባት፤ ይህም ለዓመታት ነው። ማን ያመጣታል? ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ፣ የአዝመራ ጊዜ ሲደርስ፣ አገሩ ሰላም ሲያጣ፣ ማን ያመጣታል? ከቤተሰቡ አንድ ሰው «እኔ» ካለ ስሙንና ስልኩን ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም ዝም ካለ ግን ሌላው ሁሉ ተሟልቶላት እንኳ ሙሉውን ጨረር እንድትወስድ እመክራታለሁ፤ ምክንያቱንም ቤተሰቡ ባለበት እነግራታለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም ይሆናል። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እብጠት አለብኝ የምትል እናት ካለች ደግሞ ሰው ሲበተን ከነርሶቹ ጋር ጓዳ ውስጥ እንቆያለን።